ቀድሞ የገባ ውሎ

ማሽኑ እምቢ ያለው ሰኞ ማታ ነው።

ኤልዳና እንደ ወትሮዋ እጇን ታጠበች፣ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ ውሎዋን ተናገረች። «ሥራ ውያለሁ። እራት በልቻለሁ። እንግዳ አልመጣም። ሁሉ ደህና ነው።» ቁልፏን ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ አሳርፋ ውሎዋን ወደ ማሽኑ ገፋችው። በዚያ ሰዓት ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የመግሪብ አዛን ሲያበቃ ሰፈሩ ባንዴ ጭጭ ይላል፤ ሰው ወደየግድግዳው ዞሮ ያጉተመትማል። ማን አደረ፣ ማን በላ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ለማን ምን ቃል ገባ። ውሎውን የገፋ ቤት ጥቂት ቆይቶ ቧንቧው ይንኳኳል፤ ውሃው ይመጣል። ያልገፋ ጀሪካኑን ታቅፎ ያድራል። ሳምንት ሙሉ ያልገፋ ደግሞ ባዶ ቤት ይባልና ለባለ ርስቱ ዘመድ ይመለሳል፤ ዘመድ ከሌለ ሙቀት አሳዷቸው ከቆላ ለወጡት ይሰጣል። ይህን ሕግ አፉን ያልፈታ ሕፃን ያውቀዋል።

የዚያን ማታ ሰሌዳው «ተቀብያለሁ» አላለም።

«አልተቀበልኩም» አለ፣ የወንድም የሴትም ባልሆነው ድምፁ። «ካንቺ ቀድሞ የገባ ውሎ አለ። መጀመሪያ እሱን አውርጂ።»

ደገመችው። እምቢ። ቁልፏን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ሞከረች። እምቢ። ኧረ ምን ጉድ ነው! እዚህ ቤት ከሷ በቀር ሰው የለም። ባሏ ባምላክ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ልጅ አልወለዱም፤ ድመቷ እንኳ ጎረቤት ሄዳ እዚያው ቀርታለች። ታዲያ ስለዚህ ቤት ከሷ ቀድሞ የተናገረው ማነው?

ቆማ ስታስብ ቧንቧው ተንኳኳ። ውሃውም መጣ።

የፈራችው ያኔ ነው። እሷ እምቢ ተብላ ውሃ ከመጣ፣ የሆነ ሰው ኤልዳናን ሆኖ ገፍቷል ማለት ነው።

«አውርጂ» ማለት ለማሽን አፍ ቀላል ነው። የሰፈሩን ውሎ በሚያስቀምጠው ማኅበር፣ በቅሬው ደንብ ግን የቤት ውሎ የታሸገ ነው። ከባለቤቱ በቀር ማንም ከፍቶ አያየውም፣ ባለቤቱም የሚያየው ሲያወርደው ብቻ ነው፣ ያወረደ ደግሞ «ቃሌ ነው» ብሎ ተቀበለ ማለት ነው። ከተቀበሉ በኋላ እኔ አላልኩም ማለት የለም። እዚያ ውስጥ «ቤቴን ለእገሊት ሰጥቻለሁ» የሚል ቃል ተሰንቅሮ ቢሆንስ? ኤልዳና ያላት ያ ቤት ብቻ ነው። ባታወርደውም አትድንም፤ ባለቤቱ ሳይቃወመው የከረመ ውሎ ዞሮ ዞሮ የባለቤቱ ቃል ሆኖ ይጸናል።

ሰሌዳውን በፎጣ ሸፈነችው። ለምን እንደሸፈነችው እሷም አታውቅም።

ኤልዳና እንጀራዋን የምትበላው «እሺ» በማለት ነው። ከከተማው ዳር ባለው የዕቃ ማራገፊያ የሚጭኑት፣ የሚያወርዱት፣ የሚፈትሹት ሁሉ ማሽኖች ናቸው። ሕጉ ግን በእያንዳንዱ ውሳኔ ላይ የሰው ድምፅ ይኑርበት ስለሚል እሷና መሰሎቿ በተርታ ተቀምጠው «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ሲሉ ይውላሉ። ምኑን እሺ እንዳሉ አይነገራቸውም፣ እነሱም አይጠይቁም። ማክሰኞ ዕለት ተራው ሲደርሳት አፏ አልታዘዝ አላት። መስመሩ በሙሉ ቀጥ አለ። አለቃዋ እየሮጠ መጣና «ምነው፣ አመመሽ?» አላት።

«አይ፣ እሺ» አለች። መስመሩ ተንቀሳቀሰ።

ከሥራ ስትወጣ ቤት አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ ቅሬው ዕቃ ቤት ሄደች። ወሎ ውስጥ ቅሬ ድሮም ለቀብር ነበር፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሬሳ ያነሳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያበላል። ኋላ ግን ሌላም ሥራ ተጨመረለት። አንድ ዘመን የሰው ሁሉ ውሎ ሩቅ አገር ባለ ማሽን ይቀመጥ ነበር ይባላል። የማሽኑ ባለቤቶች አንድ ቀን በሩን ሲዘጉ አገር ምድሩ ማን እንደነበረ ማስረጃ አጣ። ያኔ የቅሬው ሽማግሎች «ሬሳችንን ራሳችን እንደምንቀብር ውሏችንንም ራሳችን እናስቀምጥ» አሉና የራሳቸውን ማሽን ገዙ። ማሽኑ ዛሬም ያለው እዚያው ዕቃ ቤት፣ በቃሬዛውና በትልልቆቹ ብረት ድስቶች መሐል፣ የድንኳኑ እንጨቶች ተደግፈውበት ነው።

ጠባቂው ጋሼ ሬድዋን ይባላሉ። ማሽኑን እርጥብ ጆንያ አልብሰው፣ አጠገቡ አግዳሚ ላይ ጋደም ብለው አገኘቻቸው።

«ጋሼ ሬድዋን፣ ውሎዬን እምቢ አለኝ።»

«ሙቀቱ ነው» አሉ ሳይነሱ። «ሙቀት ሲነሳ ሁሉንም እምቢ ነው።»

«ጎረቤቴን ሀናንን ግን ተቀብሏታል። ጠይቄያታለሁ።»

ይሄኔ ተነሱ። ቁልፏን ተቀብለው አገላበጡት፣ እፍ አሉበት፣ በሽርጣቸው ጠረጉት፣ ማሽኑ ላይ አስነክተው ጆሯቸውን ደገኑ። ማሽኑን በመዳፋቸው ሁለቴ ጠፍ ጠፍ አደረጉት። አጥፍተው አበሩት። ሰፈሩ ሁሉ ለጊዜው ጠፍቶ ተመለሰ።

«ቁልፍሽ ደህና ነው። ዲስኩ ሞልቷል እንዳልልሽ ትናንት ቀን አጽድቼዋለሁ። በየቤቱ ሥር የተንጠለጠለውን ትርፍራፊ ቅርንጫፍ ሁሉ ዘጋሁት፤ አሁን ሁሉም ውሎ የሚገባው በየቤቱ ግንድ ላይ ብቻ ነው።»

«ስለዚህ እርስዎ ካጸዱት በኋላ ነው የጀመረው?»

«አንቺ! እኔን ነው የምትጠረጥሪኝ?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም!» አለች። አልዋሸችም፤ አልወጣትም። በሆዷ ግን ነበር።

ጋሼ ሬድዋን እያጉረመረሙ የገቢውን መዝገብ ከፈቱ። ምን እንደገባ አያሳይም፣ በየትኛው ቁልፍ እንደገባ እንጂ። ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ ቆዩበት።

«የገፋው የራስሽ ቤት ቁልፍ ነው» አሉ።

«የቤቴ ቁልፍ ይኸው እኔ ጋ ነው!»

«እንግዲህ ማታ ማታ የት እንደሚያመሽ እሱን ጠይቂው።» በራሳቸው ቀልድ ፈገግ አሉ፤ ፊቷን ሲያዩት ግን መልሰው ኮስተር አሉ። «ቁልፍሽን ለሰው ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ለማንም።»

«እስቲ አስቢ።»

«ለማንም አልኩ እኮ!»

ከዚያ ወዲያ ኤልዳና ሰው መጠርጠር ጀመረች። ጥርጣሬ እንደ ቅማል ነው፣ አንዴ ከገባ ከየስፌቱ ይወጣል። ሀናን ከታችኛው ቤት ምሳ ብላ በሰሃን የላከችላትን ቅቅል ሳትነካው መለሰችው። ደረጃ ላይ «እንደምን ዋልሽ» ያላትን ሰው ሁሉ «ምን ሊያውቅ ፈልጎ ነው?» ትላለች። የበሩን መዝጊያ አስቀየረች። ውሎዋን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ሰሌዳው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅም ቢሆን እምቢ አላት። ውሃውም በሰዓቱ መጣ። ይህ ውሃ ነው አንጀቷን የሚያሳርራት። የማታውቀው ሰው በስሟ እያጠጣት ነው።

የምትጠረጥረው ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን የምትጠረጥራት አንዲት ሴት ነበረች። የባሏ ታላቅ እህት፣ ትርሲት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቤቱን የሠሩት የባምላክና የትርሲት አባት ናቸው። ለወንድ ልጃቸው አወረሱት፤ ትርሲት ከማዶ ባለው ፎቅ አንዲት ክፍል ተከራይታ ቀረች፣ መስኮቷም ቁልቁል የሚያየው ያንኑ የአባቷን ቤት ነው። ባምላክ የተቀበረ ዕለት፣ ለቀስተኛው ገና ሳይበተን፣ ትርሲት የቤቱን ግድግዳ በመዳፏ እየዳበሰች «ይሄ የአባቴ እጅ ነው፤ ባዳ እጅ አይግባብኝ» ብላ ስታለቅስ ኤልዳና በጆሮዋ ሰምታለች። ባዳ ማነው? ከዚህ በላይ ምን ይባላል! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ አበው፤ ኤልዳናም ይህችን ተረት ከዚያን ቀን ወዲህ በሆዷ ይዛት ትዞር ነበር።

ረቡዕ ማታ መስኮቷን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ መብራቷን አጥፍታ፣ በጠባብ ቀዳዳ ማዶውን አየች። ትርሲት መስኮቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ወደ ራሷ ግድግዳ አልዞረችም። ፊቷ ወደ ኤልዳና ቤት ነው። ዓይኗን አጨንቁራ የተጋረደውን መስኮት አየት ታደርግና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ደግሞ አየት ታደርግና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እጇ ላይ የሆነ ነገር አለ። አዛኑ አበቃ። የኤልዳና ቧንቧ ተንኳኳ።

«ያዝኩሽ!» አለች ኤልዳና ጨለማው ውስጥ።

ሐሙስ በኤልዳና ክስ ቅሬው ከዕቃ ቤቱ ደጅ በተተከለ ድንኳን ተሰበሰበ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ናሆም ነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው፤ ከሳሽንም ተከሳሽንም ጎን ለጎን አግዳሚ ላይ አስቀምጠው መጀመሪያ ስለ ቦርከና ወንዝ መድረቅ ብዙ አወሩ። ከዚያ ዞር አሉ።

«ትርሲት፣ በኤልዳና ቤት ቁልፍ ውሎ ገፍተሻል?»

«ገፍቻለሁ» አለች ትርሲት።

ድንኳኑ አጉረመረመ። ኤልዳና ራሷ ደነገጠች፤ ትክዳለች ብላ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወንድሜ ቀብር ጀምሮ።»

«ምን ብለሽ?»

«ታውርደውና ትየው።»

«አያችሁ!» ኤልዳና ብድግ አለች። «አውርጂ ነው የምትለኝ! ካወረድኩማ አበቃ፣ ቤቴን አስረከብኩ ማለት አይደለም? ከቀብሩ ጀምሮ! ሬሳው ሳይቀዘቅዝ!»

ሀናን ከሴቶቹ መሐል «ቆይ እስቲ ኤልዱ፣ ምናልባት...» ብላ ጀምራ ነበር። ኤልዳና «ቅቅልሽንም መልሻለሁ፣ ምክርሽንም ያዥው!» አለቻት። ሀናን ተቀመጠች። አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ለምን ገፋሽ?» አሉ ጋሽ ናሆም።

ትርሲት ነጠላዋን አስተካከለችና ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ቢባልም የዚያን ቀን ዝምታ ግን ፍርድ አስፈረደባት። ኤልዳና የጠየቀችው በግድ መግፋትን ነበር። በግድ የተገፋ ውሎ ፊቱ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ በቦታው ይቀመጣል፤ ስለዚህ ያለ ቅሬው ፈቃድ አይደረግም። ጋሽ ናሆም ደጋግመው ጠየቋት።

«የሷ ይጠፋል። አይመለስም። ምን እንደነበረ ሳታዪው?»

«ሳላየው።»

«ትንሽ ብታስቢበት?»

«ሳላየው አልኩ። ደግሞም ሁለተኛ በቤቴ እንዳትገባ ይታገድልኝ።»

ትርሲት ከአንገቷ ላይ ቁልፉን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በጥቁር ክር ታስሮ ነበር። ክሩ ከመታሸቱ ብዛት ግራጫ ሆኗል። ጋሼ ሬድዋን ቁልፉን በመዶሻ ሰበሩት፣ ማሽኑ ላይ አጎንብሰው የሚሠሩትን ሠሩ፣ ማሽኑም «ተቀብያለሁ» አለ። ኤልዳና እፎይ ብላ ቤቷ ገባች። የዚያን ዕለት የጣፈጠ እንቅልፍ ተኛች፣ አይዋሽም።

አርብ ማታ እጇን ታጠበች፣ ወንበሯን አዞረች፣ ውሎዋን ተናገረች። «ሁሉ ደህና ነው።» ገፋችው።

«አልተቀበልኩም» አለ ሰሌዳው። «የብቻ ቤት ያለ ምስክር አይገፋም።»

ቧንቧውን ከፈተችው። አየር ተነፈሰባት።

በነጋታው ዕቃ ቤት ስትደርስ ጋሼ ሬድዋን አልተኙም። ከመዝገቡ ፊት ተቀምጠው ጢማቸውን ይነጫሉ።

«ምስክር የሚባለው ምንድነው? ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስገፋ አልነበር?»

«ቁጭ በይ» አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ይሄንን ማየት የነበረብኝ ማክሰኞ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባምላክ ሲሞት ቁልፉን ምን አደረግሽው?»

ኤልዳና ለማስታወስ ዓይኗን ጨፈነች። ሐዘን የገባበት ቤት ወጉ የታወቀ ነው፤ የሐዘንተኛ እጅ ሥራ አይነካም። ጎረቤት ያበስላል፣ ጎረቤት በር ይከፍታል፣ ጎረቤት የሐዘንተኛዋን ውሎ ይገፋል። የቤቱ ቁልፍ በሩ አጠገብ በሰሃን ላይ ይቀመጥና ተረኛው ያነሳዋል። አርባው ሲወጣ ሴቶቹ ተሰብስበው የሐዘንተኛዋን እጅ ያስታጥቧትና ቁልፏን መዳፏ ላይ ያኖሩላታል። እስኪያኖሩላት አይጠየቅም፤ ቁልፌን አምጡ ማለት ከቤቴ ውጡ እንደማለት ነው።

«በሰሃን ላይ ነበር» አለች።

«እጅሽን ማን አስታጠበሽ?»

እጇን ማንም አላስታጠባትም። በአርባው ማግስት ሴቶቹ ሳይመጡ በጠዋት ሹልክ ብላ ሥራ ሄደች። ሌላ ለቅሶ፣ ሌላ «አብሽሪ» መስማት አልቻለችም። ቁልፉንም መጠየቅ አፈረችና ከገበያ ሌላ ገዝታ ራሷ በሰሌዳው አስተዋወቀችው። ያኛው የሞተ መስሏት ነበር።

«እኔ ሀናን ያስታጠበችሽ መስሎኝ» አሉ ጋሼ ሬድዋን። «ሀናን አሮጊቶቹ ያስታጠቡሽ መስሏት። ሁላችንም ሥራ ስትሄጂ አየንና ሌላው አድርጎታል ብለን ተውነው። ሳትረከቢው በራስሽ ያመጣሽውን ቁልፍ ማሽኑ እንደ እንግዳ ነው የቆጠረው። ውሎሽን ሲቀበል የኖረው ለእንግዳ በተሰጠ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ከግንዱ አልደረሰም። የብቸኛ ሰው ውሎ ከግንዱ የሚገባው ሌላ ዓይን ሲመሰክርበት ነው።»

«ተቀብያለሁ ይለኝ ነበር እኮ! በየቀኑ!»

«ተቀብያለሁ ይላል እንጂ የት እንዳስቀመጠው መቼ ይላል።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ኤልዳና ዓመት ሙሉ የገፋችው ውሎ አንድ ጠብታ ውሃ አላመጣም። ውሃውን ያመጣው፣ ቤቱን ቤት ያሰኘው፣ ሳያቋርጥ ማታ ማታ ከማዶ መስኮት የሚገባው ውሎ ነበር። ጋሼ ሬድዋን የእንግዶቹን ቅርንጫፍ ሲዘጉ ሁለቱ ውሎዎች ግንዱ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ፤ የትርሲት ቁልፍ ምስክርም ነበረና ማሽኑ ለሷ አደላ።

«ታዲያ ለምን አልተናገረችም? ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ ስሰድባት ለምን ዝም አለች?»

«የሐዘንተኛ ቁልፍ የያዘ ይዣለሁ ብሎ ይናገራል? ውለታ መቁጠር አይሆንም?» ጋሼ ሬድዋን የማሽኑን ጆንያ አስተካከሉ። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ ቤቴን ልትወስድ ነው ስትይ እኔም አምኜሽ ነበር። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን፣ ያቺ ሴት ቤቱን ለመውሰድ ምን ማድረግ ነበረባት? ምንም። ሳምንት አፏን መያዝ። ባዶ ቤት ይባልና ወደ አባቷ ዘር ይመለሳል። ከሷ ሌላ የአባቷ ዘር ማን አለ?»

ኤልዳና አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ቀረች። ትርሲት ማታ ማታ ምን እንደገፋችላት አሰበች። ከዚያ መስኮት ምን ምን ታይቷል? የባምላክን ካፖርት ለብሳ በረንዳ ላይ የተቀመጠችባቸው ማታዎች፣ እራት በልቻለሁ እያለች ጦሟን ያደረችባቸው ቀናት፣ መብራት ሳታጠፋ ያነጋችባቸው። እሷ ስለዚያ ዓመት የተናገረችው «ሁሉ ደህና ነው» ብቻ ነው። እውነቱን ያስቀመጠላት ሌላ ሰው ነበር።

«ማየት አይቻልም? ከጠፋው ትንሽ እንኳ?»

«አይመለስም ብለን ነግረንሽ የለም እንዴ ልጄ» አሉ ጋሼ ሬድዋን። «ጠፍቷል።»

አዲስ የምስክር ቁልፍ አዘጋጁላት። «የሚመሰክርልሽ ፈልጊና ስጪው፤ ያገድሽው ሰውም ቢሆን ቁልፉ ካንቺ ከመጣ ይገባል» አሏት። ፈለገች። ሀናን በሩን ገርበብ አድርጋ «ልጆቼ አሟቸዋል» አለች፤ ልጆቹ ከኋላዋ ይሯሯጣሉ። አንዱ ጎረቤት መንገደኛ ሆነ፣ አንዷ ዓይኗ ደክሟታል። የመጨረሻዋ ሴት ብቻ ሐቁን ነገረቻት። «ዛሬ እመሰክርልሻለሁ፤ ነገ ድንኳን ታስተክይብኛለሽ። እኔ እንደ ትርሲት ስድብ የሚሸከም አንገት የለኝም።» ኤልዳና ደረጃውን ስትወርድ የራሷ ጥርጣሬ በሌሎች ዓይን ሆኖ ሲያያት አወቀችው።

ጀሪካኑ እየጎደለ ሄደ። ሰሌዳው ማታ ማታ ያችኑ ይላል፤ ምስክር የለም። ሳምንቱ ሊሞላ አንድ ማታ ብቻ ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ኤልዳና ቁልፉን በሰሃን ላይ አስቀምጣ፣ ሰሃኑን በሁለት እጇ ይዛ የማዶውን ፎቅ ወጣች።

ትርሲት በሩን ከፈተችና ሰሃኑን አየችው። ግቢ አላለቻትም፤ ሂጂም አላለቻትም።

«እትዬ ትርሲት...» አለች ኤልዳና። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ በነነ። «አጠፋሁት። ያንቺን ሁሉ አጠፋሁት።»

«አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ።»

«ይቅር በይኝ።»

ትርሲት በሩን ተደግፋ ቆመች። ፊቷ ላይ የባምላክ ግንባር አለ፤ ኤልዳና ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ቤቱን አልፈልገውም እንዳልልሽ» አለች ትርሲት በመጨረሻ። «እፈልገዋለሁ። ያኔም እፈልገው ነበር። የአባቴ እጅ ነው። ማታ ማታ ያንቺን ውሎ ስገፋ ዛሬስ ባልገፋ ያላልኩበት ቀን የለም። ይሄንን እያወቅሽ ነው የምትሰጪኝ?»

«እያወቅኩ ነው።»

«ነገ ባዶ ቤት ትባያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔን ታምኛለሽ?»

ኤልዳና ልትዋሽ አፏን ከፈተችና ተወችው። «እንጃ» አለች። «ሌላ ሰው ግን የለኝም።»

ትርሲት ሰሃኑን በእጇ አልተቀበለችም። በአገጯ የበሩን ጥግ አሳየቻት። «እዚያ አስቀምጪው» አለችና በሩን ዘጋችው።

ኤልዳና ቤቷ ተመለሰች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። መስኮቱ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ነቅላ አጠፈችው፣ ከሰሌዳው ላይም ፎጣውን አነሳች። መብራቷን ሁሉ አበራች። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችውን ውሃ ድስት ውስጥ ገለበጠችና ሽሮ ጣደች። ማዶውን አላይም ስትል ማዶውን እያየች፣ የትርሲት መስኮት ጨለማ ሆኖባት፣ ሽሮውን ረሳችው፤ ኋላ ደርሳ አነሳችው። ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ ገፋ አድርጋ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ በላች። ከባምላክ ሞት ወዲህ ሳህን ጠርጋ ስትበላ የመጀመሪያዋ ነው። ማዶ መብራት አልበራም። ሰው ይኑር አይኑር አይታወቅም። ሄዳ ይሆን? ቁልፉን ከነሰሃኑ ትታው ይሆን? ብትተወውስ ማን ይፈርድባታል?

አዛኑ ተጀመረ፣ አዛኑ አበቃ። ሰፈሩ ጭጭ አለ። ኤልዳና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የቧንቧውን አንገት ስታይ ቆየች።

ቧንቧው እንደ ማሳል አለ። አየር ተፋ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ውሃው መጣ።

ወደ ግድግዳው ዞረች። ውሎዋን ልትናገር ቁልፏን ስታስነካ ሰሌዳው ቀደማት። «ካንቺ ቀድሞ የገባ ውሎ አለ። ታወርጂዋለሽ?»

ምን እንዳለበት አታውቅም። ቤቱን ለትርሲት ሰጥቻለሁ የሚል ሊሆን ይችላል። ካወረደችው ቃሏ ነው።

«እሺ» አለች።

ሰሌዳው አነበበላት። «ኤልዳና ቤቷ አለች። መጋረጃዋን ከፍታለች። ዛሬ እራት በልታለች። ሽሮውን አሳርራዋለች፤ ሽታው እኔ ድረስ መጥቷል።»

ሽሮው እውነትም አርሮ ነበር።